ከቅርጹ በታች፦ የቻይና ቅርጽ ላከር ታሪክ

የሙያ ባልደረቦቻችን ስለ ጥንታዊ ጥበብ ሲያወሱ ሐሳባቸው ዘወትር የሚያርፈው በሕንፃና በድልድይ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቀይ ሙዳይም ስለ ቁስና ስለ ጊዜ የምትሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቻይና ባለሙያዎች ላከር በሚባለው የዛፍ ፈሳሽ ላይ ቅርጽ የሚያወጡበትን የእጅ ሥራ ታሪክ ባጭሩ መመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላከር የሚገኘው በምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ሲበጣ የሚወጣው ፈሳሽ በጥሬነቱ ቆዳን ያሳብጣል፤ ከጠነከረ በኋላ ግን ውሃንም አሲድንም ይቋቋማል። በዤጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ሄሙዱ በተባለው ስፍራ በቁፋሮ የተገኘው ቀይ የእንጨት ሳሕን ከ6000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የአደራረቁ ነገር ልዩ ነው። ብዙው ቀለም የሚደርቀው ማቅጠኛው በንኖ ሲያልቅ ሲሆን፣ ላከር ግን የሚጠነክረው በአየሩ ውስጥ በቂ እርጥበት ሲኖር ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ኤንዛይም በአየር ኦክሲጂን እየታገዘ ሞለኪዩሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ስለዚህ የተቀባው ዕቃ ሞቅና ረጠብ ባለ ክፍል ይቀመጣል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ቅቡ ወፍራም ከሆነ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሸበሸባል፤ ውስጡም ሳይጠነክር ይቀራል። እንግዲህ እያንዳንዱ ቅብ እጅግ ስስ መሆን አለበት፤ ቀጣዩም የፊተኛው እስኪጠነክር ይጠብቃል። ለቅርጽ የሚበቃ የጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ለማግኘት ከመቶ በላይ ቅብና ብዙ ወራት ያስፈልጋሉ። ቀዩን መልክ የሚሰጠው የባዚቃና የድኝ ውሁድ ነው። ቀራጺው መሣሪያውን የሚያነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዴ የቆረጠውንም መመለስ አይችልም።

ለዘመናችን የደረሱት ቀደምት ቅርጾች በደቡባዊው የሶንግ ሥርወ መንግሥት (1127–1279) የተሠሩ ናቸው። በዩዋን ዘመን (1271–1368) የጂያሺንግ ሰዎች የነበሩት ዣንግ ቼንግና ያንግ ማኦ በዚህ ሙያ ስመ ጥር ሆኑ። ጻኦ ዣኦ የተባለው ጸሐፊ በ1388 ስለ ጥንታዊ ዕቃዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ዝናቸውን መስክሮ፣ ከሥራዎቻቸው ብዙዎቹ ግን ቀዩ ላከር ስስና ጽናት የጎደለው መሆኑን ሳይሸሽግ ጽፏል።

የሚንግ ነገሥታት ሥራውን በቤተ መንግሥት ጥበቃ ሥር አደረጉት። ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ በ1403 ቅርጽ ላከሮችን በስጦታ ወደ ጃፓን ልኳል። በሹዋንዴ ዘመን (1426–1435) የተሠራና በቀይ ቅርጽ የተሸፈነ ባለመሳቢያ ጠረጴዛ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ኋንግ ቼንግ የጻፈውና ያንግ ሚንግ በ1625 ማብራሪያ ያከለበት የላከር መጽሐፍ ደግሞ 64 የአሠራር ጉድለቶችን ይዘረዝራል። በቺያንሎንግ ዘመነ መንግሥት (1736–1795) ቅርጹ እጅግ ረቂቅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሙያው አዘቀዘቀ። የቤይጂንግ ቅርጽ ላከር በ2006 በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ በገበያ ላይ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከፈሰሰ ሰው ሠራሽ ሙጫ የተሠሩ ቀይ ሙዳዮች ይሸጣሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ከእውነተኛው አይለዩም፤ የጎደላቸው ከላይ የማይታየው ንብርብርና እርሱን ያጸናው ጊዜ ነው። እኛም የሲሚንቶን መጠንከሪያ ቀን ለማሳጠር በምንጣደፍበት ሙያ ላይ ስለሆንን፣ የጻኦ ዣኦ ነቀፋ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ታሪክ ሁለቱን የጂያሺንግ ባለሙያዎች ያከበራቸው በቅርጻቸው ነው፤ የወቀሳቸው ግን ከቅርጹ በታች ባለው ነው።