የእጅ ኮምፒውተር፦ የሚሞሪ ካርድና የባትሪ አያያዝ

የእጅ ኮምፒውተር ቀጠሮ፣ አድራሻና ማስታወሻ ለመያዝ የተበጀ፣ በመዳፍ ተይዞ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ዘመናዊው ስልክ ቦታውን እስኪወስድበት ድረስ ብዙ ተጠቃሚ ነበረው። በዚህ መሣሪያ ላይ የመረጃ ማከማቻና የባትሪ ጉዳይ ተነጣጥሎ አይታይም ነበር፤ ሰነዱ ሁሉ የሚቀመጠው ራም በሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን በሚያጣ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለነበረ፣ ባትሪ ያለቀበት ሰው መሣሪያው መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መረጃው መጥፋቱም ያሰጋው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበው ፓይለት 1000 የማኅደረ ትውስታው መጠን 128 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም፣ ስክሪኑ ቀለምም የጀርባ ብርሃንም ስላልነበረውና ፕሮሰሰሩ ሥራ ባጣ ቁጥር ስለሚያሸልብ፣ በሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ለሳምንታት ይሠራ ነበር። ባትሪ በሚቀየርበት ጊዜ ራሙን የሚያቆየው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ነው፤ ስለዚህም ቅያሬው በፍጥነት መጠናቀቅ ነበረበት። በ2000 የወጣው የኮምፓክ አይፓክ ግን ባለቀለም ስክሪንና 206 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ይዞ ስለመጣ የሥራ ጊዜው በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ።

ሚሞሪ ካርድ ያለ ኤሌክትሪክ መረጃ በሚይዝ ፍላሽ በሚባል ቺፕ የተሠራ በመሆኑ ከሁሉ በፊት የመጠባበቂያ ቅጂ ማኖሪያ ነበር። በ2001 የወጡት የፓልም ኤም500 ዓይነቶች ኤስዲ ካርድ ይቀበሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ በካርድ ላይ ያለ ፕሮግራም ከመከፈቱ በፊት ወደ ራም መገልበጥ ስለነበረበት፣ ካርዱ ይበልጥ የሚስማማው ለመጻሕፍት፣ ለሙዚቃና ለካርታ ነው። የፋይል አመዘጋገቡም ቦታ ያባክናል፤ ፋት16 በተባለው ሥርዓት 2 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ በ32 ኪሎባይት ክፍሎች ስለሚሸነሸን፣ የአንድ ኪሎባይት ማስታወሻ እንኳ አንድ ሙሉ ክፍል ይይዛል። ካርድ በራሱ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ባትሪ ሲዳከም ትልቅ ፋይል መጻፍ፣ ወይም ጽሕፈቱ ሳያበቃ ካርዱን መንቀል፣ የፋይሎቹን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል።

ባትሪውን ፈጥነው የሚጨርሱት የስክሪን ብርሃንና ገመድ አልባ ግንኙነት ናቸው። ባትሪን አሟጦ ጨርሶ መሙላት ይገባል የሚለው ምክር የኒኬል ካድሚየም ዘመን ቅርስ ሲሆን ለሊቲየም ባትሪ አይጠቅምም፤ እንዲያውም በራም ላይ በሚተማመን መሣሪያ ይህን ምክር መከተል መረጃን በገዛ እጅ እንደ ማጥፋት ነው። የሊቲየም ባትሪን ይበልጥ የሚጎዳው ሙቀትና ባዶ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቆየት ነው።

ማከማቻውና ባትሪው የተለያዩት ፓልም በ2004 ታንግስተን ቲ5ን፣ ማይክሮሶፍትም በ2005 ዊንዶውስ ሞባይል 5.0ን አውጥተው ሰነዶችን በፍላሽ ላይ ማኖር ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ዛሬ ከመሳቢያ ቢገኝ ራሙ ባዶ ነው፤ ከባለቤቱ ጽሑፍ ምናልባት የሚነበብ የሚተርፈው በካርዱ ላይ ያለው ብቻ ነው።