የኢንተርኔት መንገድና የይዞታ ደብተር

በእስቴ መካነ ኢየሱስ የወሰን ክርክር ለማንም አዲስ አይደለም። ቀድሞ ነገሩን የሚቆርጠው የጎረቤት ምስክርነትና የሽማግሌ ቃል ነበር። በ1990ዎቹ የአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር ግን ማሳው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ሰፈረ። ኢንተርኔትም በዚሁ መንገድ አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኪርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ቢጂፒ የተባለውን ደንብ በምግብ ቤት ናፕኪን ላይ ነደፉ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ትልቅ ኔትወርክ ለጎረቤቱ «ወደ እነዚህ አድራሻዎች የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም የሰማውን ለሌላው ያስተላልፋል። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራ አካል በደንቡ ውስጥ አልነበረም።

መዘዙ በየካቲት 2000 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ፓኪስታን ዩቲዩብን በአገሯ ውስጥ ለመዝጋት ስትሞክር ፓኪስታን ቴሌኮም የዩቲዩብን አድራሻ የራሱ አስመስሎ አወጀ። አዋጁ ከድንበር አምልጦ ወጣ፤ የሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብሊውም ሳያጣራ ለዓለም አስተላለፈው። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከአብዛኛው ዓለም ተሰወረ።

መድኃኒቱ አርፒኬአይ የተባለው የኢንተርኔት የይዞታ ደብተር ነው። የአድራሻው ባለቤት፣ በአፍሪካ ከሆነ በአፍሪኒክ በኩል፣ አድራሻውን ማወጅ የሚችለው የትኛው ኔትወርክ እንደሆነ በዲጂታል ፊርማ ያስመዘግባል። ባለሙያው ደግሞ በርድን በመሰለ ፕሮግራም ላይ ትእዛዙን ይጽፋል፦ ከመዝገቡ ጋር የተስማማው ይለፍ፣ የተጋጨው ይጣል፣ ያልተመዘገበው ለጊዜው ይለፍ። ጉድለትም አለው፤ የሚያረጋግጠው የመንገዱን መነሻ እንጂ በመሃል ያለውን ሁሉ አይደለም።

ለእኛ ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ደብተር ከነጣቂ ያድናል፤ በሩን ከሚዘጋ ባለቤት አያድንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅም በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ፣ መንገድ የጠለፈ ሌባ አልነበረም።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። መንገዱን ማረጋገጥ የኦፕሬተሮቹ የቴክኒክ ሥራ ነው፤ መጀመርም ያለበት አድራሻን ከማስመዝገብ ነው። መዝጋትን መገደብ ግን የሕግ ሥራ ነው፦ ማን ያዝዛል? ለስንት ቀን? በየትኛው ፍርድ ቤት ይጠየቃል? ማሳውን የተነጠቀ የእስቴ ገበሬ ደብተሩን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል። መስመሩ የተዘጋበት ነጋዴስ ምን ይዞ፣ ማን ፊት ይቁም?