የቦናያ ሜዳ ብረት



የዕድር ሥራ ምንድነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ተነፍቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አስከሬኑ በክብር እንዲያርፍና መቃብሩ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አሮጌ ብረት ለመጻፍ ስንነሣ “ይኼ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?” የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው ነገር አለ። ብረቱ የሚገኝበት ሜዳ ጥሩምባ ያልተነፋላቸው፣ መቃብራቸውም የማይታወቅ ልጆች ታሪክ የተሠራበት ሜዳ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰዉ ዲቴክተር የሚለው ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በአገራችን እየተለመደ መጥቷል። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ወርቅ ለመፈለግ ነው። በውጭ አገር ግን፣ በተለይ በእንግሊዝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አይሮፕላኖች ያርፉባቸው የነበሩ አሮጌ ሜዳዎችን በዚህ መሣሪያ ማሰስ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አንዱ የወታደር ቁልፍ ያገኛል፣ ሌላው የጥይት ቀለህ፣ ሌላው የሞተር ስብርባሪ። በእኛም አገር ጣልያን አይሮፕላን ያሳረፈባቸው ሜዳዎች ጥቂት አይደሉም። መሣሪያው አንድ ቀን ወደነዚህ ሜዳዎች መድረሱ የማይቀር ስለሆነ ከወዲሁ እንነጋገርበት ብለን አንዱን ሜዳ መረጥን፤ በወለጋ፣ በነቀምቴ አካባቢ የሚገኘውን ቦናያን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የአገሪቱ ምዕራብ ገና አልተያዘም ነበር። ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ሆነው የተረፈውን መንግሥት ይመሩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ከተከፈተው ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም በውጭ አገር ተምረው ከመጡ ሰዎች ጋር ሆነው ወደ ነቀምቴ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ወደ ለቀምት፣ ሄደው “ጥቁር አንበሳ” የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ጦሩን ከሚመሩት አንዱ ደግሞ ኮሎኔል በላይ ኃይለአብ ነበሩ። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው የራሱ ደንብ ነበረው። የጦሩ ሥልጣን በፖለቲካው ሥልጣን ሥር እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደልና ምርኮኛ እንዳይንገላታ የሚያዝ ነበር። ልብ በሉ፣ ይኼን የጻፉት ብዙዎቹ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. 3 የጣልያን አይሮፕላኖች ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት የአካባቢውን ባላባቶች በሰላም አግባብተን እንይዛለን ብለው ነው። ከመጡትም መካከል በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን አየር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒ፣ እንዲሁም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ድረስ በሮ ስመ ጥር የሆነው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙባቸዋል። ሌሊቱን ግን የጥቁር አንበሳ ልጆች ደረሱባቸው። አይሮፕላኖቹ በእሳት ጋዩ፤ ከእንግዶቹም 12ቱ ሲሞቱ የተረፈው አባ ቦሬሎ የተባለው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ብቻ ነበር። ዋና ከተማው ከተያዘ ሁለት ወር ሳይሞላ የተጣለ አደጋ ነበርና ወሬው ለጣልያን መራራ፣ ለአርበኛው ደግሞ ትልቅ ብርታት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደግሞ ዕድርተኛ ሆነን እንየው። ራስ እምሩ ከብዙ ጉዞና ውጊያ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ አብረዋቸው የነበሩት የጥቁር አንበሳ ልጆችም ተያዙ። ራስ እምሩ ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣልበት ግን ብቀላው በተማረው ወጣት ላይ ወረደ። ከተያዙት የሆለታ ወጣቶች ብዙዎቹ ተረሸኑ። ኮሎኔል በላይም ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ማን አለቀሰላቸው? የትኛው ጉድጓድ የማንኛው እንደሆነስ ማን ያውቃል? በአንጻሩ ቦናያ ላይ የሞተውን የጄኔራል ማልዮኮን ስም በሲሲሊ ኮሚዞ በሚባለው ከተማ ያለው አይሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ተሸክሞት ኖሯል። ለሞተው ጄኔራል አይሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተጠራለት። ለእነዚያ ልጆች ግን የሥራቸው ምልክት ሆኖ የቀረው ያ ሜዳ ነው። ሐውልት ከተባለ ሐውልታቸው አፈሩና በአፈሩ ውስጥ የተበተነው ብረት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ዲቴክተሩን ይዞ ወደዚህ ሜዳ ቢሄድ ምን ያገኛል? መሣሪያው ጫፉ ላይ ባለው ጥቅል ሽቦ ወደ መሬት የመግነጢስ ኃይል ይልካል። ከአፈሩ ሥር ብረት ወይም ናስ ሲያገኝ ኃይሉ ይዛባና መሣሪያው ይጮኻል። የዚያ ዘመን አይሮፕላን ብዙውን ጊዜ አጽሙ የብረት ቱቦ፣ ልብሱ ሸራ ነበር። ሸራው ይነዳል፤ አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጥና እንደ ሰም ጠብ ጠብ ብሎ ይረጋል። ትልልቁን ስብርባሪ ሰው በየጊዜው ይለቅመዋል። ብሎን፣ የቀለጠ አሉሚኒየም፣ የጥይት ቀለህና እርሳስ ግን በቀላሉ የሚለቀም አይደለም፤ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ቀለህ ደግሞ ይናገራል። መቀመጫው ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ምልክት፣ ብዙ ጊዜም ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾበታል። የጣልያን ጠመንጃ ቀለህ አፉ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ ሰው ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር። ቀለሁ የሚወድቀው ተኳሹ ከቆመበት አጠገብ ነው፤ እርሳሱ የሚገኘው ከመታው ነገር ዘንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የት እንደተገኘ በካርታ ላይ ቢመዘገብ ልጆቹ ከየት በኩል እንደመጡ፣ የት እንደተኮሱ፣ ጠላት የት ሆኖ እንደመለሰ መስመር በመስመር ይታያል።

ይኼ ምኞት ብቻ አይደለም፤ የተሠራ ሥራ ነው። በአሜሪካ ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በሚባል ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1876 የአገሩ ነባር ሕዝቦች የአሜሪካን ፈረሰኛ ጦር ድል አድርገው ነበር። በ1983 ሜዳው በሰደድ እሳት ተቃጠለና ሣሩ ጠፋ። በማግሥቱ ዓመት የመሬት ቁፋሮ አዋቂዎች ዲቴክተር የሚያውቁ ፈቃደኛ ሰዎችን አሰልፈው ሜዳውን አሰሱት። መሣሪያው በጮኸበት ሁሉ መጀመሪያ ምልክት ተተከለ፣ ቀጥሎ ተለካ፣ ተመዘገበ፤ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ሰው ሲከራከርበት የኖረ ውጊያ በቀለህና በእርሳስ ተነበበ። የተገኘው የወታደር አጥንትም እንደገና በክብር ተቀበረ። ዲቴክተሩ ያው ዲቴክተር ነው። ልዩነቱ መዝገቡ ላይ ነው።

ያለ መዝገብ የወጣ ብረት ግን ቁራሌው በኪሎ የሚመዝነው ብረት ብቻ ነው። መቶ ቀለህ በአንድ ከረጢት ከተጨመረ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ እግዜር ብቻ ያውቀዋል። የዕድራችን ጸሐፊ የአባላቱን መዝገብ ቅጠል በቅጠል ገንጥሎ ቢደባልቀው ምን ይቀረናል? ወረቀቱ አለ፤ ስሙ አለ፤ ግን ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ አይታወቅም። ልክ እንደዚያ ነው።

አደጋውም ቀላል አይደለም። በአሮጌ የጦር ሜዳ የሚጮኸው ሁሉ ብሎን አይደለም። ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ዘመን ቢቆጥርም ባሩዱ ሊሠራ ይችላል፤ ዝገቱም ይብሱን ያስፈራዋል። ቦምብ የሚመስል ነገር ያየ ሰው አይንካው፣ አያንቀሳቅሰው፤ ልጆችን አርቆ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ይንገር። አጥንት ከታየም እዚያው ላይ ማቆም ነው። የወገን ይሁን የጠላት፣ ሙት ሙት ነው። ምርኮኛ አይንገላታ ብለው በደንባቸው የጻፉት ልጆች ቢጠየቁ የሙት አጥንት በአካፋ ይበተን አይሉም ነበር።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፈልጎ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግሊዞችም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የጦር አይሮፕላን የወደቀበትን ቦታ ሁሉ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ማንም እንዳይነካው አድርገዋል። ምክንያታቸውም በአመዛኙ እኛን ዕድርተኞችን የሚገባን ምክንያት ነው፤ ቦታው መቃብር ሊሆን ይችላልና።

ወገኖቻችን፣ ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ ያስቀመጡት ቀለህ፣ የጎራዴ እጀታ ወይም የአይሮፕላን ቁራጭ በሣጥኑ ያለው አይጠፋም። አይጣል፣ አይሸጥ። ከየት ሜዳ፣ በማን እጅ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደመጣ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ። ወሬውን የሚያውቁ ሽማግሌ በቤት ካሉም ዛሬ ይጠየቁ፤ ነገ የእኛው ጥሩምባ ይነፋላቸዋልና። ወደ ወለጋ የሚሄድ፣ እዚያም ዘመድ ያለው ለአገሩ ልጆች ይኼን ቃል ያድርስልን፦ የቦናያን ብረት ለማንሣት አዋቂና መዝገብ እስኪመጣ ድረስ አፈሩ ይጠብቀው። እስከ ዛሬ በአደራ የያዘው እሱ ነው።