ልጆች የሚጮኹበት ሲኒማ

ስሙኝማ የሰፈሬ ሰዎች! ዛሬ ስለ ሲኒማ ላውጋችሁ። ሲኒማ አምባሳደርንና ሲኒማ አምፒርን የሚያወሳ ሞልቷል፤ የእኔ ወሬ ዕድሜው ስላጠረው የጓሮ ሲኒማ ነው። መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወስጃችሁ ልመለስ፤ ወደ ሰፈራችን ወደ ቤቴል በኋላ እንደርሳለን።

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል ሰው ነበረ። የሚሠራው በአባቱ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ለመኪና የሚሆኑ ዘይቶችና ማጽጃዎች ይሸጣል። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ሥራ ጠፍቷል፣ ገንዘብ ጠፍቷል። ሰውዬው ግን አንድ ነገር ልብ አለ። ሰው ሲቸግረው ብዙ ነገር ይተዋል፤ መኪናውንና ሲኒማውን ግን ቶሎ አይተውም። እንግዲያው ሁለቱን ባገናኛቸውስ አለ።

በግቢው ካሉት ዛፎች ላይ ማሳያ ወጠረ። ፕሮጀክተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፤ ከማሳያው ጀርባ ሬዲዮ ከፈተ። ዝናብ ቢመጣስ? አለና የሣር ማጠጫውን መኪናው ላይ ለቆ ሞከረው። የፊተኛው መኪና የኋለኛውን ቢከልለውስ? አለና ከፊት ጎማዎች ሥር ጣውላ እየደረበ፣ የመኪናው አፍንጫ ምን ያህል ቀና ቢል እንደሚበቃ ለካ። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በገዛ ግቢው ነው። ለዚህ አሠራሩ በግንቦት ወር የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ግንቦት 29 ቀን 1925 ዓ.ም. ደግሞ ካምደን ከተማ አጠገብ በመኪና የሚገባበትን ሲኒማ ከፈተ። 400 ያህል መኪና ይይዛል። ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰው 25 ሳንቲም፤ ቤተሰብ ሙሉ ቢመጣ ግን ከአንድ ዶላር አያልፍም።

እኔን የሚገርመኝ ማስታወቂያው ነው። ልጆቻችሁ የቱንም ያህል ቢንጫጩ ቤተሰቡ ሁሉ ይምጣ ይላል። የከተማው ሲኒማ ቤት የሚያባርረውን ሰው ይህ ሰው ጠራው! የሚያለቅስ ሕፃን የያዘች እናት፣ ደህና ልብስ ያልለበሰ ሠራተኛ፣ ጠባብ ወንበር የማይበቃው ወፍራም ሰው፣ ሁሉም ኑ ተባሉ።

ሲኒማው ግን አልቆየም። ድምፅ ማጉያዎቹ ማሳያው ዘንድ ስለሆኑ ከኋላ ላለው መኪና ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጎረቤቱን ግን እንቅልፍ ይነሳል። ፊልም አከራዮቹም ዋጋ ቆለሉበት፤ የመክፈቻው ፊልም እንኳ ሌላ ቦታ ታይቶ ያለፈ ነበር። ሦስት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። በኋላ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱንም ሻረበት። ሐሳቡ ግን ከእጁ ወጥቶ አገር አዳረሰ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ 4,000 ያህል እንዲህ ያለ ሲኒማ ነበር።

አሁን ወደ እኛ። ከጦር ኃይሎች በታክሲ ተሳፍራችሁ ቤቴል ስትወርዱ፣ ወይም ወደ ወይራ ሰፈርና ወደ አለም ባንክ ስትዘልቁ፣ የምታገኙት ሲኒማ የቱ ነበር? ሲኒማ ራስ መርካቶ ነበረ፤ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ፒያሳ ነበሩ። ታክሲ ቀያይሮ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ በምሽት መመለስ ለሠራተኛ ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። መኪና አልነበረንም፤ ግቢ ግን ነበረን። ከሆሊንግስሄድ ጋር የምንዛመደው በዚያች ግቢ ነው።

ደርግ ወድቆ የቪዲዮ ዴክና ካሴት እንደ ልብ ሲገባ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። አሠራሩን የምታስታውሱት ታውቁታላችሁ። ሰርቪስ ቤት ወይም በቆርቆሮ የተከለለ ጓሮ፣ ብርሃን እንዳይገባ ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት በር፣ ያለ መደገፊያ የተደረደረ አግዳሚ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፤ ቫን ዳም፣ ጃኪ ቻን፣ አሚታብ። መግቢያው ሽልንግ፣ ሲወደድ ብር።

ውስጡን ላሳያችሁ። ፊልሙ መሃል ላይ ምስሉ ይሰነጠቅና በረዶ ይዘንብበታል። "ካሴት በላ!" ይላል ቤቱ በአንድ አፍ። ባለቤቱ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ ዴኩን ይከፍታል፤ የተጠመጠመውን ክር በጣቱ ቀስ አድርጎ ይፈታና የካሴቱን ጥርስ በእስክሪብቶ እያዞረ ይጠቀልላል። የዴኩን ሄድ በጥጥ ይጠርጋል። መልሶ ሲያበራው ጀግናው ቅድም የወደቀበት ላይ የለም፤ ተነስቶ እየተደባደበ ነው። ያለፈውን ከዚህ ቀደም ያየ ልጅ በአፉ ይሞላዋል።

ደግሞ የሕንድ ፊልም አለ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ የምንሰማው ሁሉ የማናውቀው ቋንቋ። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ ከተገኘ የቤቱ ሁሉ አስተርጓሚ እሱ ነው። ጽሑፉ ሲፈጥንበት ከራሱ ጨምሮም ቢሆን ይቀጥላል፤ እናቷ ሞታ ነው የምታለቅሰው ይላል፣ ቤቱም አብሮ ያዝናል። ጠላት ከኋላ ሲመጣ "አክተሩ! ከኋላህ!" ተብሎ ይጮሃል። ፒያሳ ቢሆን ዝም በሉ የሚል አስተናጋጅ ነበረ። እዚህ ጩኸቱ የፊልሙ ግማሽ ነው፤ ያለ እሱ ያንኑ ፊልም ቤት ውስጥ ብቻችሁን ብታዩት አይጥምም። እኔ የቪዲዮ ቤትን ታላቅነት የምለው ይህንን ነው፤ ፊልም የሚያየው ሰው ራሱ ሲናገር የሚደመጥበት ቤት ነበር።

መብራት ከሄደ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ግማሽ ከታየ ገንዘብ ይመለስ አይመለስ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ነገ ኑ የሚል ነው፤ ነገ ደግሞ ማን እንደነበረ ማን ያውቃል?

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሁሉም ደህና አልነበረም። ከትምህርት ቤት ፎርፎ የሚውል ተማሪ ነበረ። ጫትና ሲጋራ የሚያስገቡ ቤቶች ነበሩ፤ ማታ ለልጅ የማይገባ ፊልም የሚያሳዩም አልጠፉም። ወላጅ ይማረራል፣ ቀበሌ ያሽጋል፣ ፖሊስ ይበትናል። ከሁሉ የሚቆጨኝ የሴት ልጆች ነገር ነው። ወንድሞቻቸው አግዳሚው ላይ ሲጋፉ እነሱ ውኃ ይቀዳሉ፣ ወይም ከቆርቆሮው ውጭ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ። የሆሊንግስሄድ ማስታወቂያ ቤተሰቡ ሁሉ ይምጣ ይል ነበር፤ የእኛ ጓሮ ይህን አላለም።

ቪዲዮ ቤትን የገደለው ግን ቀበሌ አይመስለኝም፤ የወለደው መሣሪያ ራሱ ነው። ዴኩ ለአንድ ግቢ ብርቅ በሆነበት ዘመን ሰፈሩን ሰበሰበ። ሲዲና ዲቪዲ ሲረክስ ማጫወቻው በየሳሎኑ ገባ፤ ከዚያ ዲሽ በየጣሪያው ተተከለና የአረብ ጣቢያዎች ቀን ከሌት በነፃ ፊልም አፈሰሱ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ይዞ ሲመጣ እንደዚያ ያለ አስተርጓሚ ልጅ መፈለግም ቀረ። አንዳንዱ ቪዲዮ ቤት ዲኤስቲቪ አስገብቶ ኳስ ማሳያ ሆነ፤ አንዳንዱ ሱቅ፣ አንዳንዱ ኪራይ ቤት።

የአገራችን ሲኒማ ታሪክ ሲነገር ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ከነበረውና ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ካለው ይጀመራል፤ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ "ሂሩት አባቷ ማነው" የተባለው ፊልም። መልካም ነው፤ ግን የእኛ ትውልድ ፊልም ማየት የተማረው እዚያ አይደለም። ስለዚህ እናንተ የቤቴልና የወይራ ሰፈር ሰዎች፣ ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ ሽልንግ የሰበሰባችሁ፣ ከቆርቆሮው ውጭ ቆማችሁ የሰማችሁ እህቶቻችንም ጭምር፣ ንገሩን። ዴኩ በስንት ተገዛ? ካሴቱ ከየት ተከራየ? የመጀመሪያው ቀን ምን ታየ? እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ ቡናውን አፍሉ።