ሒሳብን የቀደሙ ሦስት ሕፃናት

የክፍል ጓደኞቹ ገና ማካፈልን ሲለማመዱ አንድ ሕፃን ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ በመስኮት መመልከት በጀመረ ጊዜ፣ መምህሩም ርእሰ መምህሩም አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ይኸውም ልጁን ወደ ላይኛው ክፍል ማሳለፍ ይገባልን፣ ወይስ ከእኩዮቹ ጋር ማቈየት ይሻላል የሚል ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዓመት የዘለለ ተማሪ «ደብል መታ» ይባል በነበረበት ዘመን መልሱ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን ደብል የመታ ልጅ የሚዘለው ሒሳብን ብቻ አይደለም፤ ንባቡንም፣ ጽሕፈቱንም፣ የዕድሜ ጓደኞቹንም በአንድ ቀን ይዘላቸዋል። ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተፈተነ የሦስት ሕፃናት ታሪክ ያስረዳል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1909 ዓ.ም. በመጸው ወራት ሁለት ልጆች በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተገናኙ። አንደኛው ኖርበርት ዊነር በ14 ዓመቱ ከተፍትስ ኮሌጅ ተመርቆ ለከፍተኛ ጥናት የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ዊልያም ጄምስ ሳይዲስ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

የዊነር አባት በዚያው በሐርቫርድ የስላቭ ቋንቋዎች መምህር ነበሩ። ልጁ በታናሽነቱ በትምህርት ቤት የደከመው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ በቍጥር ሥራ ነበር፤ በጣቱ ይቈጥር ነበር። አባቱ ግን ድካሙ ከመሰልቸት የመጣ መሆኑን ተገንዝበው ከትምህርት ቤት አስወጡትና በቤታቸው አልጀብራ አስተማሩት። መምህር የሆነ ሰው ይህን ነጥብ አቃልሎ ሊያልፈው አይገባም፤ በሒሳብ የሚራመድ አእምሮ ሁልጊዜ በመደመርና በማባዛት የሚፈጥን አይደለምና። ሆኖም የአባትየው አስተማመር ቍጣ የበዛበት ነበር። ከዚያም በላይ ልጃቸው እንደ ማንኛውም ልጅ እንደ ሆነና ውጤቱ ሁሉ ከአሠለጣጠናቸው እንደ መጣ በመጽሔት አስነገሩ። ዊነር በ18 ዓመቱ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ፣ ኋላም የሳይበርኔቲክስን ጥናት የመሠረተ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ በ1953 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ያ ቃል ምን ያህል እንዳቈሰለው ጽፏል፤ ስሕተቱ የራሱ፣ ክንውኑ ግን የአባቱ ሆኖ ተቈጥሮበት ነበርና።

የሳይዲስ አባት የሥነ ልቡና ሊቅ ነበሩ። ልጁ በ1910 ዓ.ም. መባቻ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ማኅበር ፊት አራት ልክ ስላላቸው አካላት ንግግር አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጠኞች አልለቀቁትም። በ16 ዓመቱ ተመርቆ በቴክሳስ በራይስ ተቋም ሒሳብ ሲያስተምር ተማሪዎቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተወው። የቀረውን ዕድሜውን የሒሳብ መኪና በሚያንቀሳቅስ ተራ ጸሐፊነት፣ ከሰው ዐይን ተሸሽጎ ኖረ። በ1937 ዓ.ም. አንድ መጽሔት የግል ኑሮውን ስላወጣበት ቢከስስም በ1940 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልፈረደለትም፤ በ1944 በ46 ዓመቱ ሞተ። ስሙ ልጅን ማፋጠን ለሚቃወሙ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ቈየ። ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው በር ዊነርም ገብቷልና። ሳይዲስን የጐዳው ከፍጥነቱ ይልቅ የአደባባይ መታያ መደረጉ ይመስላል።

በ1969 ዓ.ም. በባልቲሞር ፕሮፌሰር ጁልያን ስታንሊ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በከፍተኛ ክፍል እንዲማር ትምህርት ቤቶችን ቢጠይቁ እሺ የሚል ስላጡ ልጁ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስታንሊ በ1971 ዓ.ም. ጥናታቸውን ሲጀምሩ ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በክፍሉ ፈተና መቶ ከመቶ ያገኘ ልጅ ያለቀው ጥያቄው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። ሁለት ልጆች እኩል መቶ ቢያገኙ፣ ከ800 በሚታረመው ከባድ ፈተና አንዱ 300፣ ሌላው 700 ሊያገኝ ይችላል። ለመጀመሪያው ደብል መምታት ጉዳት፣ ለሁለተኛው ባለበት መቅረት ጉዳት ነው።

ይህንኑ ፈተና በ8 ዓመቱ ተፈትኖ በሒሳብ 760 ያገኘው ቴሬንስ ታኦ በ1975 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በአደሌድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕፃናት ሐኪም፣ እናቱ የሒሳብና የፊዚክስ መምህርት ነበሩ። በ3 ዓመት ተኩል ትምህርት ቤት አስገብተውት ነበር፤ ረጅም ሰዓት በክፍል ለመቀመጥ አለመድረሱን ባዩ ጊዜ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አስወጡት። ያን ማድረግ ለወላጅ ኩራት ቀላል አይደለም። በ5 ዓመቱ እንደገና ሲገባ ትምህርት ቤቱ በአንድ ክፍል አላሰረውም፤ ሒሳቡን ከታላላቆቹ፣ ሌላውን ከዚያ ዝቅ ካሉ ክፍሎች ጋር ተማረ። በሰባት ዓመት ተኩል ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ለሒሳብ ይቀመጥ ጀመር። በአንድ ግቢ አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ሦስተኛው ቅኔ ሲቈጥር ላየ ኢትዮጵያዊ መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ለዘመናዊው የሰዓት ድልድል ብቻ ነው።

በ9 ዓመቱ በፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ከፊል ጊዜ ሒሳብ መማር ጀመረ። ወላጆቹ ግን በሙሉ ጊዜ ከመግባቱ በፊት ሌላው ትምህርቱ እንዲሰፋ ፈለጉ፤ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰ ምሩቅ ተብሎ መጠራትን ከቍም ነገር አልቈጠሩትም፤ እስከ 14 ዓመቱ ቈየ። በ2006 ዓ.ም. ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠውን የፊልድስ ሜዳይ ተቀበለ። ከዚያ አስቀድሞ በ1988 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ አግኝቶ ነበር። ወርቁን ያገኘው የ13 ዓመት ልጅ በዚያን ጊዜ ገና የዩኒቨርሲቲ ሙሉ ተማሪ አልነበረም።