ንግሥት እሌኒ በእንስራ ጉልላት ሥር

ሮም ለሥራ ጉዳይ በሄድኩ ጊዜ ወዳጆቼ ቫቲካንን፣ ኮሎሲየምን፣ የአክሱም ሐውልታችን እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 ቆሞበት የነበረውን አደባባይ እንዳይ መከሩኝ። ሁሉንም አየሁ። ልቤን የያዘው ግን ማንም ያልነገረኝ ቦታ ነው፤ ከከተማው መሐል በስተ ምሥራቅ፣ በካሲሊና መንገድ ላይ የሚገኘው ቶር ፒኛታራ። የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ዛሬ የባንግላዴሽ ስደተኞች በብዛት ይኖሩበታል።

ስሙ ሲተረጎም "የማሰሮ ግንብ" እንደ ማለት ነው። ግንቡ ደግሞ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ እናት የእሌኒ መቃብር ነው። አዎን፣ በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ስንለኩስ የምናነሳት፣ ጢሱን ተከትላ መስቀሉን አገኘች የምንላት እሌኒ! የተቀበረችበት ቀይ የድንጋይ ሣጥን ዛሬ ቫቲካን ሙዚየም ነው። ፈረሰኛ ወታደሮችና ምርኮኞች ስለተቀረጹበት፣ መጀመሪያ የታሰበው ለልጇ ለንጉሡ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሕንጻው የተሠራው በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ጉልላቱ በአብዛኛው ፈርሷል። በተረፈው ግድግዳ ላይ በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩ የሸክላ እንስራዎች ይታያሉ። እኔ መሐንዲስ ነኝና እዚያ ቆሜ ቀረሁ። 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉልላት የገዛ ክብደቱ ጠላቱ ነው። ሮማውያን ፓንቴዮንን ሲሠሩ የጉልላቱን አናት በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቀለሉት። እዚህ ባዶ የዘይት እንስራ ከተቱበት። ዘይት የጠጣ ሸክላ ስለሚሸት ተመልሶ አያገለግልም፤ ከእስፓኝ እየመጣ ሮም ውስጥ የተጣለው ስባሪ ብቻ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ ሆኗል። የዛሬዎቹ የጣሊያን ግንበኞች በወለል ኮንክሪት ውስጥ የሚከቱትን ባዶ የሸክላ ጡብ እስከ አሁን "ፒኛታ" ይሉታል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤት ያላችሁ አንባብያንም ብዙዎቻችሁ በዚሁ ዘዴ ላይ ነው የምትራመዱት፤ በወለሉ ውስጥ ያለው ሆሎው ብሎክ የዚያ እንስራ የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ ንግሥቲቱ በማን እጅ ሥራ ሥር እንዳረፈች አስቡት። በእኛ አገር የዚያ እጅ ባለቤት ማን ትባላለች? ቡዳ! ልጅ ሆኜ ከሸክላ ተራ ጀበና ልንገዛ ስንሄድ "ዓይን ዓይናቸውን አትይ" እባል ነበር። ጀበናዋ ቤታችን ትገባለች፣ ሠሪዋ ግን ደጃፍ አታልፍም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ ማለት ግን አይደለም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችም ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረው፣ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ሌላ አገር ነገሩ እንዴት ነው? እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው በናይጄሪያ፣ ያኔ አቡጃ ዛሬ ሱሌጃ በምትባል ከተማ፣ የሸክላ ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ላዲ ክዋሊ የምትባል ሴት ገባች። ከአክስቷ የተማረችውን፣ ያለ መዘውር በእጅ ብቻ እየተሽከረከሩ ማሰሮ የማነጽ ጥበብ ይዛ ነው የመጣችው፤ ማሠልጠኛው የመስተዋት ቅቡንና የምድጃውን ሥራ ጨመረላት። በኋላ የክብር ዶክትሬት ተሰጣት፤ ምስሏም ዛሬ በ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ አለ። እኛ ስፌት የምትሰፋ ሴት በአሥር ብር ላይ ነበረችን፤ ሸክላ ሠሪዋን ግን በብራችን ላይ አላየኋትም።

የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ የሴራሚክ አዳራሾቹን እ.ኤ.አ. በ2009 አድሶ ሲከፍት በመካከላቸው መሥሪያ ክፍል አዘጋጀ። ሸክላ ሠሪው ወራት ተቀምጦ ይሠራል፣ ተመልካቹ ጭቃው ላይ ያለውን እጅ ያያል።

ስድስት ኪሎ ባለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለን። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቀጨኔም ሩቅ አይደለም። የቀጨኔ ሴቶች ጭቃውን በእጃቸው አድቦልቡለው፣ በጠጠር አለስልሰው፣ በሜዳ እሳት ተኩሰው፣ በጢስ አጥቁረው ያወጡታል። ታዲያ ከእነሱ አንዷ በሙዚየሙ ግቢ መሥሪያ ቦታና እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ ተሰጥቷት፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሥሯ ቁጭ ብለው ቢማሩ ምን ይከለክላል? ለፈረንጅ መምህር የምንከፍለውን አበል ያህል እንኳ አይሆንም። ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጋር ስንጨዋወት ይህንኑ ባነሳበት ጊዜ፣ "ጢሱስ? ግቢው ውስጥ እሳት ማን ይፈቅዳል?" አለኝ። በየዓመቱ መስቀል አደባባይ ላይ ስለምናነደው ጠየቅኩት፤ ሳቀ።