የትዳር ጥቃት ለደረሰባት እህት እምነቷንና ባህሏን ያገናዘበ የሥነ ልቦና ምክር

እምነትንና ባህልን ያገናዘበ ምክር የሚባለው፣ አማካሪው የተጎጂዋን ዲን፣ ቋንቋና የቤተሰብ ትስስር አውቆ ለማገገሚያዋ የሚጠቀምበት የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ዲኗን የማያውቅ አማካሪ «ለምን ጥለሽው አትሄጂም?» ይላታል። የጥቃትን ባህሪ የማያውቅ ኡስታዝ ደግሞ «ሶብር አድርጊ» ብሎ ይሸኛታል። ከሁለቱም ሰሚ ያጣች እህት ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥቃት ድብደባ ብቻ አይደለም። ነፈቃ መከልከል፣ ከወላጅ ዘመድ መነጠል፣ በየቀኑ ማዋረድ፣ «ልጆችሽን አታዪም» እያሉ ማስፈራራትም ጥቃት ነው።

ዲኑ ምን ይላል?

ብዙ እህቶች በውስጣቸው የሚያብላሉት ጥያቄ «ብናገር አላህ ዘንድ ወንጀለኛ እሆን ይሆን?» የሚል ነው። ቁርኣን ትዳርን በመዋደድና በእዝነት ላይ ያቆመዋል (30፡21)፤ ሚስትን ለመጉዳት ብሎ ማቆየትንም ይከለክላል (2፡231)። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የሱረቱ-ን-ኒሳእን 34ኛ አንቀጽ ለድብደባ ፈቃድ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው፣ የመካው ታላቅ ታቢዒይ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ባል ይቆጣ እንጂ አይምታ ማለታቸውን ሊያውቅ ይገባል።

ሶብርም በደልን ተቀብሎ መኖር ማለት አይደለም። ሰሐቦች ከቁረይሽ በደል ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ሶብር አጡ ያላቸው የለም።

ምክሩ እንዴት ይሰጣል?

አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፍላዋለች።

1. ደህንነት። አማካሪዋ እህትን ብቻዋን ታነጋግራለች፤ ባልም አማትም አብረው አይገቡም። አንቆሽ ያውቃል? በጦር መሣሪያ ወይም በቢላ አስፈራርቶሽ ያውቃል? ብላ በግልጽ ትጠይቃለች። ሌሊት ብትወጣ ማን ዘንድ እንደምትሄድ፣ መታወቂያዋና የኒካሕ ወረቀቷ የት እንደሚቀመጡ አብረው ያቅዳሉ። ውጭ አገር ላሉ እህቶች አስተርጓሚው ከዚያው ትንሽ ጀመዓ ከሆነ ምስጢር ሊወጣ ስለሚችል፣ ሌላ ሰው እንዲመደብላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

2. የደረሰውን መናገርና ማዘን። ብዙዎች «ተበደልኩ» ብለው አይጀምሩም፤ «ራሴን ያመኛል»፣ «እንቅልፍ የለኝም»፣ «ሲሕር ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። ጥሩ አማካሪ በዚህ አትስቅም። ሩቅያው ይቀራ፤ ነገር ግን ሩቅያ የሚመታን እጅ አያስቆምምና የደህንነት ዕቅዱ አይቋረጥም። ሶላት፣ ዚክርና ዱዓ እህትን የሚያረጋጓት ከሆነ የሕክምናው አካል ይሆናሉ። ባል በቁርኣን አንቀጽ እያስፈራራት ከነበረ ግን መጀመሪያ ያንን ቁስል መስማት ያስፈልጋል።

3. ከሕይወት ጋር እንደገና መገናኘት። ከወላጆቿ፣ ከጓደኞቿ፣ ከሥራዋና ከመስጂዷ ጋር ቀስ በቀስ ትመለሳለች። መቆየትም ሆነ መለየት የራሷ ውሳኔ ነው። ከመረጠች ኹልዕም ሆነ በጉዳት ምክንያት በቃዲ የሚፈጸም ፍቺ በሸሪዓችን ያሉ መንገዶች ናቸው።

ሽምግልናስ?

ቁርኣን ከሁለቱም ቤተሰብ ሽማግሌ እንዲላክ ያዛል (4፡35)፤ ይህ ግን አለመግባባትን ለማስታረቅ ነው። ፍርሃት ባለበት ቤት ሚስትን ባሏ ፊት አስቀምጦ «ተናገሪ» ማለት ማታ ዋጋ ያስከፍላታል። ሽማግሌዎች ለየብቻ ይስሙ፤ ዛቻ ካለ እርቁን ያቆዩ። የባልና ሚስት የጋራ ምክርም ጥቃቱ ሳይቆም አይጀመርም።

እርዳታ የት ይገኛል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ የመጠለያ አገልግሎት ይሰጣል። የፍቺና የነፈቃ ጉዳይ፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል።

ኢማሞችና ኡስታዞች ሐኪም እንዲሆኑ አይጠበቅም። አንዲት እህት ስትመጣ «አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ምስጢሯን መጠበቅና ወደ ባለሙያ ማገናኘት ይበቃል። እናቶችና እህቶችም «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ከማለታቸው በፊት፣ ልጆቹ በዚያ ቤት ውስጥ በየቀኑ ምን እያዩ እንደሚያድጉ ያስቡ።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን።